በማዕዶት ድምፅ

ማዕዶትን ከማወቄ በፊት አባቷ ሲያስመስሏት አውቃታለሁ። ለትምህርት ናይሮቢ በመጣሁ ሰሞን ካሳራኒ ሰፈር አንድ የልደት ግብዣ ላይ ተጠርቼ ነበር። ጋሽ ሐብታሙ የሚባሉ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ሳሎኑ መሀል ቆሙና የአንዲት ልጅ ለቅሶ አለቀሱ። ቀጭን ሆኖ ይጀምራል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከዚያ ውሃ እንደሄደበት ቧንቧ "ህእ፣ ህእ" እያለ ይቆራረጣል። አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና በዚያው ድምፅ፣ "እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጠገቤ የነበሩት እትዬ ጌጤ ዓይናቸውን እየጠራረጉ፣ "ልጃቸው ናት እኮ፣ ማዕዶት። ቁርጥ እሷን!" አሉኝ።

ማዕዶት ወጥ ቤቱ በር ላይ የብርጭቆ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ሕፃን ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ፈገግ ብላለች። ፈገግታዋ ከሰው ሳቅ እኩል ጀምሮ ከሰው ሳቅ እኩል አለቀ።

ስለ ጋሽ ሐብታሙ ሚዛን ሳላጎድል ልናገር። ሰው የሚወዳቸው በከንቱ አይደለም። በሞያሌ በኩል በስደት ገብተው፣ ብዙ ዓመት ወረቀት ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ፋይሉ ውድቅ የሆነበት ሰው ቤት መጀመሪያ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። የኢሚግሬሽኑን ሹም፣ የማታቱ ታክሲውን ረዳት፣ ፓስተራችንን ጭምር እያስመሰሉ፣ ራት አልበላም ያለውን ሰው አስቀው ያበሉታል። ሁሉንም ያስመስላሉ። ከሁሉ በላይ የሚዋጣላቸው ግን የልጃቸው ነበር፤ "እስቲ ማዕዶትን" የማይባሉበት ግብዣ አልነበረም።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የሞቱት እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ዌስትላንድስ ሥራ በያዝኩ ዓመት ነው። ላንጋታ መካነ መቃብር ስንቀብራቸው ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ ማዕዶት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ነበር፤ አፏ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። ሐዘን ቤት ተቀምጠን፣ "እናቷን እንኳ!" ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። የሐዘኑ ድንኳን ተነሳ፤ ወሬው ግን አልተነሳም። ልበ ደረቅ ተብላ ቀረች።

እኔ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። እሷ ከመሥሪያ ቤቴ አጠገብ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ስለሆነች አንዳንድ ቀን በአንድ ማታቱ እንመለሳለን። ክሊኒኩ ባለበት ሕንጻ ላይ ኩለሱም የምትባል የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ መሄድ እንደጀመረች የነገረችኝ በመንገድ ላይ ነው፤ ምን እንደሚነጋገሩ ግን አልጠየቅኳትም።

አንድ ቅዳሜ የመዝሙር ልምምድ ጨርሰን ገመድ ስጠቀልል መጣች።

"ታዲ፣ ነገ ልመሰክር ነው።"

"አንቺ?"

"ምነው፣ አፍ የለኝም?"

"አለሽ። ሲሠራ አላየሁትም እንጂ።"

ሳቀችና በእግሯ ገመዱን ረገጠችብኝ። "ከሥሬ እንዳትጫወትብኝ፣ ፕሊዝ።"

"ለሁሉም እጫወታለሁ እኮ። ፓስተር ዘካርያስ ይቆጣኛል።"

"አውቃለሁ። ኪቦርድ ሲኖር ሰው ቶሎ ይነካል። እኔ እንዲነኩ አይደለም የፈለግኩት። እንዲሰሙ ነው።"

"ምን ልትመሰክሪ ነው?"

"ለእማዬ ላለቅስላት ነው።"

ገመዱን አስቀመጥኩት። ድምፅ ማጉያው ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ጉልበቶቿ መሀል አስገባች።

"ልጅ ሆኜ ሳለቅስ አባዬ ፊት ለፊቴ ቁጭ ይላል። እኔ ህእ ስል እሱም ህእ ይላል። ስጮህ ይጮሃል። ሳቆም ብቻ ነው የሚያቆመው። ከዚያ እንግዳ ሲመጣ ያሳያቸዋል። ጀስት ላይክ ዛት። ቆይቶ ቆይቶ አፌን ለማልቀስ ስከፍት መጀመሪያ የሚመጣው የሱ ሆነ። እነ እትዬ ጌጤ የሚስቁበት። እማዬን ሲያወርዷት ላለቅስ ነበር፣ ታዲ። የሱ መጣብኝ። አፌን ዘጋሁት።"

"አሁንስ?"

"ኩለሱም ጋ አልቅሻለሁ። ቤቴም በር ዘግቼ አልቅሻለሁ። እነሱ ፊት ግን አልሞከርኩም። እሱ ፊት።" ቀና አለች። "ነገ አፌን ስከፍት የማን እንደሚወጣ አላውቅም።"

ገመዱን መልሼ አነሳሁ። "አልጫወትም" አልኳት።

የምንከራየው አዳራሽ ከቲካ መንገድ ወረድ ብሎ ነው። ጠዋት ኬንያውያን ያመልኩበታል፤ ከሰዓት በኋላ የእኛ ነው፤ ከእኛ ቀጥሎ የሰፈሩ ወጣቶች ይገባሉ። ጊዜያችን አጭር ስለሆነ ምስክርነት የራሱ ሥርዓት አለው። ሰው ሲናገር እኔ ከሥር በቀስታ እጫወታለሁ። ፓስተር ዘካርያስ ነገሩ ጫፍ ደረሰ ብሎ ሲያስብ እጁን ወደ ኋላው አድርጎ ሁለት ጣት ያሳየኛል። እኔ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፤ ሰው እልል ይላል፤ መስካሪው ማይኩን መልሶ ይወርዳል። ፓስተር ተንኮል የለበትም፤ ምስክርነት ሲረዝም የሚቸገሩትን ሽማግሌዎች ያስባል። ልማዱ ግን እጃችን ውስጥ ገብቷል።

እሑድ ምርቃት የሚባል ወንድም ሰላሳ ዓመት ሲያጨስ ኖሮ እንዴት እንደተወ መሰከረ፤ አሳቀንም። ሁለት ጣት፣ ሙዚቃ፣ እልልታ። ከዚያ ማዕዶት ከመሀል ረድፍ ተነሳች። ጋሽ ሐብታሙ ፊት ለፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ነበር፤ ልጃቸው ስታልፍ አጠገባቸው ያለውን ሰው በክርናቸው ነካ አድርገው ፈገግ አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ እውነት።

ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች። እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

"ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እኮ ብዙ መናገር አልችልም።"

ድምፁ ቀጭን ነበር፤ መጨረሻው ላይ ተቆረጠ። አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የዘመድ ሳቅ ነበር። እትዬ ጌጤ ከኋላ ጮክ ብለው፣ "ውይ ጌታዬ! ጋሽ ሐብታሙን እንዴት አድርጋ አመጣቻቸው!" አሉ። ሳቁ ጨመረ።

ልጅቱ በተፈጥሮ ድምፅዋ ብትናገር፣ ሰው አባቷን የምታስመስል መሰለው።

የምትወርድ መሰለኝ። አልወረደችም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ዝናብ እስኪያባራ በረንዳ ላይ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ሳትቸኩል።

"እትዬ ጌጤ፣ ይሄ የእኔ ነው" አለች። "እሱ ነው ከእኔ የወሰደው።"

ሰውን ዝም ያሰኘው ቃሉ አይደለም። ቁጣ አልነበረበትም። ዕቃዋን ለይታ እንደምታሳይ ሰው ነበር የተናገረችው።

"እናቴ ስትቀበር አላለቀስኩም። ያላችሁትን ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም፤ ያያችሁት ደረቅ ዓይኔን ነው። ግን ያላለቀስኩት ስላልወደድኳት አይደለም። ለቅሶዬ ቀልድ ሆኖ ነበር። በየቤታችሁ ስቃችሁበታል። ሳጥኗ አጠገብ ደግሞ እንዳትስቁ ፈራሁ።"

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"ስለዚህ ዛሬ አባቴን፣ በእናንተ ፊት..."

ፓስተር ዘካርያስ እርቅ የመጣ መሰለው። ሁለት ጣቱ ወጣ። ቃል ገብቼላት እያለሁ እጄ በልማዱ ሄዶ ቁልፉን ተጫነ። በዚያው ቅጽበት እልልታው ቀለጠ፤ ሰው ብድግ ብድግ አለ፤ ጋሽ ሐብታሙ እጃቸውን ለማቀፍ ዘርግተው ተነሱ።

ማዕዶት ወደ እኔ ሳትዞር መዳፏን ዘረጋች። አቆምኩ። እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ከሩቅ የቲካ መንገድ መኪና ብቻ ይሰማል።

"ይቅርታ መስሏችሁ ነው?" አለች። "ገና እዚያ አልደረስኩም። ስደርስ እነግራችኋለሁ። አባዬ፣ አንድ ነገር ነው የምለምንህ። ከእንግዲህ እኔን አትሁን።"

ጋሽ ሐብታሙ እጃቸው እንደተዘረጋ ነበር። ዙሪያቸውን አዩ። የተጨነቀ ሰው ሁሉ ወደሚያውቀው ነገር ይሮጣል፤ እሳቸውም ሮጡ።

"እሺ" አሉ። በእሷ ድምፅ።

ቅጥነቱ፣ የትንፋሹ መቆረጥ፣ ሁሉ ነገሩ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀና ሳቁ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ጋሽ ሐብታሙ ራሳቸውን ሰምተው ደነገጡ፤ እንዳልፈለጉት ፊታቸው ላይ ይነበባል። እኔ ግን ያየሁት እሷን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሸሸችው ነገር በሰው ሁሉ ፊት፣ ማይክ ይዛ በቆመችበት ደረሰባት። ትሰበራለች ብዬ ጠበቅኩ። የድሮው ፈገግታ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ፊቷ ምንም አልሆነም። ያደገችበትን ሰፈር ከሩቅ እንደምታይ ሰው ተመለከተቻቸው።

"አዎ፣ እንደሱ ነው" አለች በእርጋታ። "አሁን ደግሞ በራስህ።"

አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። የመቶ ሰው ድምፅ ያላቸው ሰው የራሳቸውን ፈልገው አጡት፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሊረዳቸው የቻለ አልነበረም። ቆይተው ተቀመጡ።

"ይሁን። ስትችል" አለቻቸው።

ከዚያ ማይኩን ወለሉ ላይ አኖረችና አለቀሰች።

ምን እንደጠበቅኩ አላውቅም። ሁላችንም የምናውቀውን ለቅሶ ይሆናል። እሱ አልነበረም። ከደረቷ ሥር፣ ወፍራም ሆኖ፣ ቀስ እያለ ነው የወጣው፤ ያቺ ቀጭን ሴት ይህን ያህል ድምፅ የት እንዳኖረችው እንጃ። "እማዬ" ትላለች፤ ዝም ትላለች፤ ደግሞ "እማዬ" ትላለች። አይቆራረጥም። አይጣደፍም። ጋሽ ሐብታሙ በየግብዣው ሲያሳዩን የኖሩት የአንዲት ትንሽ ልጅ ፍርሃት ነበር፤ ይህን ሰምተውት አያውቁም። እኛም አልሰማነውም። እዚያ ከነበርነው ውስጥ ማዕዶትን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም ማለት ነው። በትልቅ ነገር ፊት የቆምኩ መሰለኝና ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

ፓስተር ዘካርያስ አንድ እርምጃ ተራመደ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አምልኮ ላይ እንዲህ አይለቀስም፤ ተስፋ እንደሌለው ሰው አታልቅሱ ብሎ የሚያስተምረን እሱ ነው። አያት፤ ተመለሰና ቆመ።

መጀመሪያ የወጡት እትዬ ጌጤ ናቸው። በመተላለፊያው መጡ፤ ይቅርታም ማጽናኛም አልተናገሩም። ሐዘን ቤት እንደሚገባ ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቧ ቆሙና፣ "አስካለዬ! እህቴን!" ብለው ለቅሶዋን ተቀበሏት። ሌላዋ መጣች። ሌላዋም። ያኔ ላንጋታ ያለቀሱት ሴቶች ሁሉ እንደ አዲስ አለቀሱ፤ አሁን ግን እየመራቻቸው ያለችው ልጅቱ ነበረች።

ሲበርድ አንድ ሰው ወንበር አመጣላት። ሌሎቹም ወንበራቸውን ማዞር ጀመሩ፤ የፕላስቲኩ እግር ሲሚንቶው ላይ ይንቋቋል። አስተባባሪ ሳይኖር አዳራሹ ሐዘን ቤት ሆነ። ፓስተር የራሱን ወንበር ይዞ ወርዶ ከሰው መሀል ተቀመጠ። የጋሽ ሐብታሙን ወንበር ያዞረላቸው አልነበረም። ብዙ ቆይተው ራሳቸው ተነሱ፣ አዞሩት፣ ከክቡ ትንሽ ራቅ ብለው ጎንበስ ብለው ተቀመጡ። ማዕዶት አየቻቸው። ቅረብ አላለቻቸውም፤ ሂድም አላለቻቸውም።

"እስቲ ስለ አስካለ ንገሪን" አሉ እትዬ ጌጤ።

ማዕዶት አፍንጫዋን ጠረገችና መናገር ጀመረች። እናቷ በዝናብ ቀን ሥራ ለመሄድ ጫማዋን በላስቲክ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛ በባዶ እግሯ ጭቃውን እንደምትሻገር፣ ማታቱ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየ እግሯን አጥባ እንደምትጫማ ነገረችን። ሰው ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

በሩ ተከፈተ። የአዳራሹ ጠባቂ ነበር፤ ጊዜያችን አልቆ ወጣቶቹ ውጭ ቆመዋል። ክቡን አየ፣ ቀይ ዓይኖቹን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ማን ሞተ?" አለኝ በሹክሹክታ፣ በስዋሂሊ።

"የእሷ እናት" አልኩት።

"ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ" አለ። ወደ ወጣቶቹ ዞሮ እንዲጠብቁ በእጁ አሳያቸውና በሩን ድምፅ ሳያሰማ ዘጋልን።