ጅራታሙ ኮከብ እስኪሄድ

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ። መምህር ይባረክ አፉን ሲከፍት ግን የታየው ጅራት ነው። በጥቅምት መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ በምዕራብ በኩል ብቅ ሲል ከአይከል ሰው ሁሉ ቀድሞ ያየው እሱ፣ ለከተማው ያወጀውም እሱ ነው። ዝም ቢል ኖሮ ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም፤ አዝመራው እየደረሰ ስለነበር የሰው ሁሉ ዓይን ማሳው ላይ ነበር። ይባረክ ግን የፊዚክስ አስተማሪ ነውና አላስቻለውም። ቴሌስኮፑን ገበያው ዳር ተክሎ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሲያሳይ ሰነበተ።

በዚያው ሰሞን ወደ አያ ወንዴ ቤት ሽማግሌ ላከ። የፈለገው ልጃቸውን ወለላን፣ የጤና ጣቢያዋን ነርስ ነው። እሷም ትፈልገዋለች፤ የቀረው የአባቷ ቃል ብቻ ነበር። አያ ወንዴ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚህች አንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ የጤፍ ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌዎቹ በወጉ መሠረት ደጃፍ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። አያ ወንዴ ሰማዩን በከዘራቸው አሳዩ።

«ያ ነገር ከላይ ተገትሮ ልጅ አይዳርም» አሉ። «ይሂድና እንነጋገራለን። መቼ እንደሚሄድ ያንኑ አስተማሪያችሁን ጠይቁት።»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ተመለሱ። ይባረክ ምላሱን ረገመ። ለጥር ሠርግ ቃሉ በኅዳር መቆረጥ ነበረበት። ወለላ ደግሞ «አንተ የጠራኸውን እንግዳ አንተው ሸኘው» ብላ ቁርጡን ነገረችው። ስለዚህ ኮከቡ የክፉ ምልክት አለመሆኑን ሊያስረዳ ቴሌስኮፑን ተሸክሞ አያ ወንዴ ግቢ ገባ። ሁለተኛው ስሕተቱ ይህ ነው።

አያ ወንዴ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አጎነበሱ፤ ራታቸው እስኪቀዘቅዝ ቀና አላሉም።

«አቧራ ያዘለ በረዶ ነው» አላቸው ይባረክ። «ፀሐይ ስትነካው ይተናል። ጅራቱ እሱ ነው።»

«ሸጋ ነገር ነው» አሉ አያ ወንዴ። «ነገም አምጣው።»

ነገም አመጣው፤ ከነገ ወዲያም። በኋላማ ቴሌስኮፑ እዚያው ግቢ ማደር ጀመረ። ፀሐይ ወደ መተማ ቆላ ስትጠልቅ ሁለቱ ጓሮ ይቆማሉ፤ ወለላ ከበር ላይ ትገላምጣቸዋለች። ይባረክም ማስተማር ልማዱ ነውና ወሬውን ይቀጥላል። አንድ ምሽት ሲሞት ስለሚፈነዳ ኮከብ ነገራቸው፤ በሕይወት ሳለ ማንም ልብ የማይለው፣ ሲሞት ግን ለሳምንታት ደምቆ የሚያበራ።

«የአያ አዘዘ ተዝካር ነዋ» አሉ አያ ወንዴ። «ቆሞ ሲሄድ ጠላውን አልቀመስንም። ሲሞት ሁለት በሬ ወደቀ።»

ሌላ ምሽት ደግሞ ድንገት ብልጭ ብለው ስለሚጠፉ፣ ራጅ ስለሚረጩ ኮከቦች አነሣ። ጨረሩን አየሩ ስለሚያግደው ከምድር እንደማይታዩም አስረዳ። አያ ወንዴ ቅር አላቸው።

«ምነው? እኔ ለዚህ ጉልበቴ ራጅ ልነሣ ብዬ ጎንደር ድረስ በሚኒባስ ስንገላታ፣ ከላይ በነፃ እየተረጨ ነው የሚታገድብኝ?»

ጥቅምት ሲያልቅ ኮከቡ ከዓይን ጠፋ። ይባረክ ተደስቶ ሽማግሌዎቹን ሊጠራ ሲነሣ አያ ወንዴ ቴሌስኮፑን ወደ ምዕራብ አዞሩ። ማዞሩን ከተካኑበት ቆይተዋል፤ ያስተማራቸውም ያው አማች ለመሆን የቸኮለው ሰው ነው።

«አለ» አሉ።

ይባረክም አየ። እውነትም አለ፣ እንደ ጥጥ ብናኝ ደብዝዞ። የለም ብሎ መዋሸት ይችል ነበር፤ በኮከብ ነገር ግን ምላሱ ለውሸት አይታዘዝለትም። በማግስቱም አለ። ኅዳር ገባ፤ አሁንም አለ። ወለላ ሁለቱንም ማናገር ተወች።

ከኅዳር ሚካኤል በኋላ አንድ ምሽት ይባረክ ሲደርስ አያ ወንዴ ቀድመው አጎንብሰዋል።

«ዛሬም አለ፣ ቁልጭ ብሎ» አሉ ሳይጠየቁ።

ይባረክ ቀረብ ሲል የቴሌስኮፑ አፍ እንደተከደነ ነው። ሳቁ ሊያመልጠው ሲል የሽማግሌውን ፊት አየና ዋጠው። ከቤት ውስጥ ወለላ የሁለት ሰው ራት ስታሰናዳ ይሰማል። እሷ ስትሄድ የሚሰናዳው የአንድ ሰው ነው። አያ ወንዴ የፈሩት ለካ ኮከቡን አልነበረም። ይህን ሁሉ ምሽት አጠገባቸው ቆሞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይህን አለማየቱ አሳፈረው።

ጎንበስ ብሎ ጨለማውን ተመለከተ።

«እውነትዎን ነው፣ አለ» አለ። «አያ ወንዴ፣ እኔ በተከራየሁት ቤት ምዕራቡን ዛፍ ይከልለዋል። ከሠርጉ በኋላ እዚሁ ጓሮ አንድ ክፍል ብንሠራስ? ማታ ማታ ሦስታችንም እናይ ነበር።»

አያ ወንዴ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በል ክዳኑን አንሣ» አሉ።

አነሣው። አያ ወንዴ አጎነበሱ፤ ለአፍታ እንኳ አልቆዩም።

«ሄዷል» አሉ። «ሽማግሌዎችህን እሑድ ላካቸው።»