ቦታው የእሷ ይሁን

አባቴ የክር ፋብሪካ መካኒክ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ዓይነት ማሽን ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ከነቱታው ቤት ገባ። የሥራ ጓደኞቹ «ጆሮው» ይሉት ነበር፤ ማሽኑ ሲያጓራ ሰምቶ ብቻ የቱ ጥርስ እንደላላ ስለሚያውቅ። ቤት ከዋለ በኋላ በሩን ጠገነ፣ ቧንቧውን ጠገነ፤ የሚጠገን ሲያጣ ደህናውን ወንበር እየፈታ መግጠም ጀመረ። እናቴ ታየዋለች።

ቤት በዋለ በስምንተኛው ወር መንግሥት ሥራ ላጡ ሰዎች ዕቅድ አወጣ። ለተመዘገበ ሰው ቀጣሪ ይፈለግለታል፤ የመጀመሪያውን ስድስት ወር ደመወዝ ግማሹን መንግሥት ይከፍላል። ዕድሉ ግን ከአንድ ቤት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አባቴ ጢሙን ተላጭቶ፣ ወረቀቶቹን በፌስታል ይዞ ሄደ።

መዝጋቢዋ የእኔ እኩያ ትሆናለች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየችለት።

«ጋሼ፣ ይሄ ማሽን እኮ አሁን የትም የለም» አለችው ቀስ ብላ። «ስምዎን እይዛለሁ፤ ግን ልዋሽዎት አልፈልግም፣ ሊቆይ ይችላል። ቤት ውስጥ ሌላ ሥራ የሚፈልግ ሰው አለ?»

«ልጄ ተማሪ ናት። ባለቤቴ ደግሞ ሥራ ሠርታ አታውቅም።»

«ምንም?»

«ምንም። እናቴን ስታስታምም ነው የኖረችው።»

«ምን ሆነው ነበር?»

አባቴ በአጭሩ ሊነግራት ነበር ያሰበው። አያቴ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ስድስት ዓመት ተኝታ ነው ያረፈችው። እናቴ በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣት፣ ውሃ በማንኪያ ታጠጣት ነበር፤ አያቴ መናገር ስላቃታት በዓይን ይግባቡ ነበር። ሐኪሙ ጀርባዋን ባየ ቁጥር አንዲት ቁስል አጥቶ ይገረም ነበር። አያቴን ሲከፋት ደግሞ እናቴ ፀጉሯን እያበጠረች ታስቃት ነበር። አባቴ አንዴ ከጀመረ ግን ይህን ሁሉ ነገራት። በኋላ ለእኔ ሲያወራኝ፣ «ስድስት ዓመት አጠገቤ ሲሠራ የኖረውን ሥራ ያን ቀን ገና ሰማሁት» አለኝ።

መዝጋቢዋ መጻፏን አቁማ ነበር። «ጋሼ፣ የአረጋውያን መጦሪያው እንደ ባለቤትዎ ያለ አስታማሚ አጥቶ ሦስት ጊዜ ጽፎልናል።»

አባቴ ወረቀቶቹን ወደ ፌስታሉ መለሰ። «እንግዲያው ቦታው የእሷ ይሁን። የእኔን ስም አትያዢው።»

ቤት ሲደርስ እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ነገራት። ሳቀች፤ እሱ እንዳልሳቀ ስታይ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እኔን? በአርባ ስምንት ዓመቴ? ወረቀት የለኝ፣ የሚያውቀኝ የለ።»

«እኔ አውቅሻለሁ» አላት። «ጥፋቱ እስከ ዛሬ አለመናገሬ ነው።»

ፊቷን አዞረች። «ሽንኩርቱ ነው» አለች። የቀረውን አባቴ ላጠው።

የመጀመሪያ ቀን መጦሪያው በር ድረስ ሸኛት። «በል ተመለስ፣ ሰው ያየናል» ብትለውም ከመንገዱ ማዶ ቆሞ እስክትገባ ጠበቀ። ማታ እግሯ አብጦ መጣች፤ ወሬዋ ግን አያልቅም። አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ለሦስት ቀን ከማንም እጅ አልበላም ብለዋል። እናቴ ወረቀት ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ «መምህር፣ የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ እስቲ ያርሙኝ» አለቻቸው። እያረሙ፣ እየተቆጧት፣ ሳያውቁት ሳህኑን ጨረሱ።

ስድስት ወሩ ሲያልቅ መጦሪያው በቋሚነት ቀጠራት። አባቴ እስካሁን ሙሉ ሥራ አላገኘም፤ በሳምንት ሁለት ቀን የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። በቀሩት ቀናት ድስት ያሳርራል፣ የእሷን ጋውን ይተኩሳል። እጅጌው ላይ አንድ የካውያ መስመር ማውጣት ሲገባው ሁልጊዜ ሁለት ያወጣል። እናቴ ታየዋለች፤ እንደዚያው ለብሳው ትሄዳለች።