ዳማ በአራት ነጥብ

ልብስ ሰፊው አሊዪ ዝምተኛ ሰው ነበር። ዝምተኛ ሲባል ደግሞ እንደ ማናችንም ሲከፋው ዝም የሚል ዓይነት አይደለም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው "መቼ ይደርሳል?" ቢለው ጣቱን ቀስሮ ያሳያል፤ ምስጋናውን በቅንድቡ ይቀበላል፤ የተቆጣውን ደንበኛ በክር ይለካዋል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከአሊዪ ይልቅ የስፌት መኪናው ታወራለች ይባል ነበር። ሚስቱ ከዲጃም፣ "ባሌ ቃሉን ቆጥቦ ቆጥቦ ምን ሊገዛበት እንዳሰበ አላህ ይወቅ" ትላለች።

ይህ ሁሉ ግን ዳማ ፊት እስኪቀመጥ ነው።

ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከደሴ አስፋልት ማዶ፣ የዘይቱና ሻይ ቤት ነበረች። በማሽላ አገዳ በተከደነው ዳሷ ሥር አንድ የዳማ ሰሌዳ አለ። መጫወቻው የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ አንዱ ፊቱን ገልብጦ፣ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ይሰለፋል። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ውሻውን እንኳ ከመጮህ ሲያሰንፈው፣ አሊዪ መቀሱን ያስቀምጥና መንገዱን ይሻገራል። በርጩማዋን ከመንካቱ ምላሱ ይፈታል።

"እንካ ቅመስ" ይላል። "ጉድህ ፈላ። ሬሳህን ሰብስብ። ለመሆኑ ዳማ እንደምትጫወት ቤተሰብህ ያውቃል?"

የዳሱ ሕግ እንዲህ ነው፦ ሰድቦ መጫወት፣ ተሰድቦ አለመቀየም። ለተወረወረ ስድብ መልስ ሳይሰጡ ቆርኪ መንካት ነውር ነው። ዝም ብሎ የሚጫወት ሰው ከተገኘ ወይ ታሟል፣ ወይ ንቋችኋል። አሊዪ የቀኑን ንግግር ሁሉ እዚያች ዳስ ውስጥ ጨርሶ፣ ማታ ባዶ አፉን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ነገር የተበላሸው አንድ ማክሰኞ ነው። በዳማ ጨዋታ አንድ ቆርኪ የባላጋራን ዳር ሲረግጥ ሌላ ይደረብበትና ንጉሥ ይሆናል፤ ባለቤቱም "ነገሥኩ" ይላል። አባቶችም ሲጫወቱ እንዲሁ ይሉ ነበር። ያን ዕለት አሊዪ ከሽንፈት አፋፍ ላይ ተመልሶ ስላነገሠ ደስታው አላስቀምጥ አለው። ብድግ ብሎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ "ነገሥኩ፤ ከእንግዲህ የሚያወርደኝን አያለሁ" አለ።

ልክ ያን ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ሀይሉ ከአውራጃ የመጡ ሁለት ካድሬዎችን ሻይ ሊጋብዝ የዳሱን በር ረግጦ ነበር። ዘውድ ከወረደ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ካድሬዎቹ ዘውድ የሚናፍቅ ሰው አጋጥሟቸው ያውቃል፤ ራሱን ያነገሠ ልብስ ሰፊ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ሀይሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ እንጂ። ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት ሽንኩርት ይነግድ ነበር፤ ዛሬም ነገር ሲበላሽ ቶሎ ይሸተዋል። እንግዶቹን በምን አፉ እንዳሳመናቸው እሱ ያውቃል። ሸኝቷቸው ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

"አሊዪ፣ ሰሌዳውን ልወስደው ነው" አለ።

ጨዋታው ተቋርጧልና አሊዪ ዝም። የመለሰችው ዘይቱና ናት። "ወዴት ነው የምትወስደው?"

"ለማገዶ።"

"ሀይሉዬ፣ ሰሌዳው ምን አደረገህ? የተናገረው እኮ አፍ ነው።"

"አፉንማ ማገዶ ማድረግ አልችል።"

ጥጉ ላይ ሻዩን የሚያበርድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። መምህር ደምመላሽ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የአማርኛ አስተማሪ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠረ። የሮቢት ፀሐይ ስላልለመደችው እርጥብ መሀረብ ካንገቱ አይጠፋም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥፋቱ የዳማው አይደለም" አለ። "ጥፋቱ የጎደሎ ንግግር ነው። ነገሥኩ ማለት ምን ማለት ነው? ማን? የት? በምን? ሰውየው፣ በዚህ ሰሌዳ ላይ ያለችው ቆርኪዬ ነግሣለች ብሎ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ቢሆን ኖሮ እንግዶችህ ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዱ ነበር።"

ሀይሉ ነገሩን አገላብጦ አየው። አልጠላውም። "ነግሣለች የሚለው ግን ይቅር" አለ። "ሊቀመንበር ሆናለች ይባል።"

"ደግ" አለች ዘይቱና፣ ብርጭቆ እያለቀለቀች። "ሊቀመንበሩ ሲበላስ ምን እንበል?"

በዳማ ቆርኪ አይወሰድም፤ ይበላል። ሀይሉ ይህ ትዝ ሲለው ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። "ድርብ" አለ ቶሎ ብሎ። "ድርብ ይባል። ድርብ ማንንም አይነካም።"

እንዲህ ሆኖ አዲስ ሕግ ወጣ። በዚያ ዳስ ውስጥ ከእንግዲህ የሚነገረው ሁሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ደምመላሽ ደግሞ ሰው አንድ ነገር ሲፈቅዱለት ሁለት የሚጨምር ነውና ሥርዓተ ነጥብም ይግባበት አለ። ንግግር ላይ ነጥብ ስለማይታይ የተበላ ቆርኪ ይዞ ጠረጴዛውን መምታት፦ አንዴ ለነጠላ ሰረዝ፣ ሁለቴ ለድርብ ሰረዝ፣ አራቴ ለአራት ነጥብ። ቆርኪ የገፋ ሰው ተናግሮ አራቱን ሳይመታ ባላጋራው ቆርኪ አይነካም፤ የነካ ተራው ያልፈዋል።

"በገበያ ቀን ራሴ መጥቼ እሰማለሁ" አለ ሀይሉ። "አንዲት ጎደሎ ቃል ከዚህ ዳስ ብትወጣ ሰሌዳው የዘይቱና ምድጃ ውስጥ ነው።"

በማግሥቱ ዳሱ ለቅሶ ቤት መሰለ። አንድ የማሾ ነጋዴ የጎረቤቱን ቆርኪ በልቶ፣ "ወዳጄ ሆይ፣ ቆርኪህን በመብላቴ የተሰማኝን ደስታ እገልጽልሃለሁ" አለና አራቴ መታ። ተበይው ግራ ገብቶት፣ "አመሰግንሃለሁ" ብሎ አራቴ መታ። ከዚያ ሁለቱም ተያዩና አፈሩ።

የአሊዪ ግን የባሰ ነው። "እንካ" ሲል ደምመላሽ ጣቱን ያነሣል፤ "ማን? ለማን? ምን?" አሊዪ አፉን ይዘጋል። አፉ ሲዘጋ እጁም ይደነዝዛል። ከዚህ ቀደም አሸንፈውት የማያውቁ ሰዎች ተራ በተራ ጣሉት። መሸነፉ አይደለም ያንገበገበው። የገበያ ቀን ክንፈ ይመጣል። ክንፈ የደብረ ሲና የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በወረደ ቁጥር ከአሊዪ ጋር ሳይገጥም አያልፍም፤ ሲገጥሙም ገበያው ይቆማል። ሀይሉ የሚሰማው ያን ግጥሚያ ነው። አንዲት ቃል ካፉ ብታመልጥ ሰሌዳው ይነዳል። ሰሌዳው ከነደደ ደግሞ አሊዪ በዚህች ዓለም ላይ የሚናገርበት ቦታ የለውም። ይህን ጭንቀቱን ለሰው እንዳይናገር፣ የሚናገርበት ቦታ ያው ሰሌዳው ነው።

ከዲጃ ራት ስታቀርብ አየችው። መሠረተ ትምህርት አብረው ነበር የገቡት፤ እሱ ከኋላ ወንበር ሲያንቀላፋ እሷ ምስክር ወረቀቷን በእልልታ ተቀብላለች።

"ሰማሁ" አለችው።

"ምን?"

"ይኸው። ምን ብሎ ነገር አለ?" እንጀራውን ዘርግታ ተቀመጠች። "እስቲ ልጠይቅህ። ለሰው ሱሪ ስትሰፋ አንዱን እግር ሰፍተህ፣ ሌላውን ራስህ ሙላው ትለዋለህ?"

አሊዪ ራሱን ነቀነቀ።

"ታዲያ ቃልህን ለምን በአንድ እግር ትለቀዋለህ? ንግግርም ስፌት ነው። እየቀጠልክ ትሄዳለህ፣ ክሩን አትበጥስም፣ መጨረሻ ላይ ትቋጥራለህ። በል፣ የመጣልህን ቀጥል።"

አሊዪ ወጡን አየ። ግራ ቀኙንም አየ። "ይህ ሽሮ" ብሎ ጀመረና ጠረጴዛውን በጣቱ አንዴ መታ። "አንቺ የሠራሽው፣ ጨው የጎደለው፣ ትናንትም የጎደለው፣ ከሰርጋችን ማግሥት ጀምሮ የጎደለው፣ እኔ ግን አንቺን ፈርቼ ዝም ብዬ የምበላው፣ እናትሽም ሲመጡ..."

"እዚህ ላይ ቋጥረው" አለች ከዲጃ።

ቋጠረው። በትዳራቸው ስለ ጨው ሲነሣ ይህ መጀመሪያው ነበር። እሷ ተነሥታ ጨው አመጣች፤ እየሳቀች እንደሆነ ትከሻዋ ይናገራል። እስከ ገበያው ቀን በየራቱ ቀጠሉ። ስለ ጣራው፣ ስለ ዶሮዋ፣ ስለ ጎረቤት ግድግዳ። አሊዪ መጀመር እንጂ ማቆም ቸገረው።

የገበያ ዕለት ክንፈ ኤንትሬ የጭነት መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቆመ። ከላይ ባቄላ ጭኗል፤ ባቄላው ላይ ደግሞ ወደ ማጀቴ በር የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ተደርድረዋል። የደብረ ሲና ብርድ እስከ ሮቢት ይከተለው ይመስል ካፖርቱን አያወልቅም።

"አሊዪ፣ የሬሳ ማጠቢያ ውሃ አሙቀሃል?" እያለ ገባ።

"ሬሳው የማን ነው?" አለ ደምመላሽ ጣቱን አንሥቶ።

ሕጉ ተነገረው። ክንፈ እስኪያስለው ሳቀ። "ይህ ዳማ ነው ወይስ ማትሪክ?" አለ። ሀይሉ ግን ከኋላ በርጩማ ስቦ ሲቀመጥ፣ ዘይቱናም ምድጃዋን ሳታይ ወጥ ስታማስል ነገሩ እውነት መሆኑ ገባውና ተቀመጠ።

ሹፌር መንገድ ላይ ብዙ ፖሊስ ያነጋግራልና ክንፈ ቋንቋው አልጠፋውም። ገና ከጅምሩ ሁለት ቆርኪ በልቶ፣ "የተከበርከው ወዳጄ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትሞታለህ" አለና አራቴ መታ። ዳሱ ሳቀ። ደምመላሽ ሳይወድ፣ "እንከን የለበትም" ብሎ መሰከረ።

አሊዪ "ሰምቼሃለሁ" ብቻ ብሎ አራቴ መታ፤ ቆርኪውን ገፋ። እንዲያ እንዲያ እያለ ሰሌዳው ሳሳበት። ከዲጃ ዘንቢሏን ይዛ ዳሱ ጠርዝ ላይ ቆማለች። አያትም። አፉ ዛሬ ለምን እንደ ራቱ ሰዓት እንደማይላላ ለራሱም አልገባውም። ከበርጩማው በስተጀርባ ሀይሉ ሲተነፍስ ይሰማዋል።

አንድ ቆርኪ ገፋ። እጁን ሲያነሣ ነው ያየው። ለክንፈ ሦስት ቆርኪ በአንድ ዝላይ የሚያስበላ መንገድ ከፍቶለታል። ክንፈም አይቷል፤ ጣቶቹ ካፖርቱ ላይ ሲቁነጠነጡ ይታያል። አሊዪ የሚቀረው የራሱን ንግግር ተናግሮ አራት ነጥቡን መምታት ብቻ ነው። ሲመታ ያልቅለታል።

ቆርኪውን አነሣ።

"ከደብረ ሲና ብርድ አምልጠህ" አለ። ጠቅ። "የአርማንያን ቁልቁለት በአንደኛ ማርሽ እየጸለይክ ወርደህ" ጠቅ፣ "ባቄላውን ለነጋዴ፣ አቧራውን ለእኛ እያከፋፈልክ ገበያችን የደረስክ" ጠቅ፣ "በዚህ ፀሐይ ካፖርት ለብሰህ ላቡን ወዝ ነው የምትል" ጠቅ፣ "ፍሬንህ ሲጮህ የሰው በግ መስሏት ዘይቱና ከቤት የወጣችልህ..."

ሰው ተጠጋ። ክንፈ እጁን እስከ ቆርኪው አድርሶ በአየር ላይ አንጠልጥሎታል። ደምመላሽ መሀረቡን ጨምቆ፣ ዓረፍተ ነገሩ የት ሊወድቅ እንደሆነ በዓይኑ ይከተላል። አሊዪ ቀጠለ። የክንፈን ጎማ አነሣ፣ የክንፈን ባርኔጣ አነሣ፣ ባለፈው ክረምት ጭቃ ላይ ተይዞ የሮቢት በሬ እንዴት እንደጎተተው አነሣ። ሁሉም ቦታ አንድ ጠቅ። የትም አራት የለም።

ከውጪ ጡሩምባ ተነፋ። "ክንፈ፣ ባቄላው ላይ ተቆላን" አለ አንድ ተሳፋሪ።

"መጣሁ" አለ ክንፈ ዓይኑን ሳይነቅል።

"ተሳፋሪዎችህንም ባቄላ ላይ ዘርግተህ የምታሰጣ" አለ አሊዪ፤ ጠቅ፤ "ይህም ሳያንስህ..."

ጡሩምባው ደገመ። ሴቶች ጮኹ። ክንፈ ትዕግሥቱ ተሟጠጠ፤ ቆርኪውን ያዘና አንሥቶ ዘለለ።

"ተነካ" አለ ደምመላሽ። "አራት ነጥብ አልተሰማም። ተራህ አልፎሃል።"

ክንፈ ቆርኪዎቹን እየመለሰ አጉረመረመ። አሊዪ ሊጫወት እጁን ሲሰድ ሀይሉ ከኋላ ትከሻውን ያዘው።

"ቆይ" አለ ሊቀመንበሩ። "ንግግሩ ሳይቋጠር ጨዋታ የለም። ይህም ሳያንስህ ብለህ ያቆምከው መጨረሻው ምንድን ነው? ሕጉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይላል።" ድምፁ ውስጥ ሕግ ብቻ አልነበረም፤ መጨረሻውን የመስማት ጉጉትም ነበረበት።

አሊዪ በልቡ ወደ ኋላ ሄዶ ዓረፍተ ነገሩን የጀመረበትን ፈለገ፤ ሩቅ ነው። ከፊቱ ያለው ሰው አፍንጫው ላይ ላብ ቋጥሯል፤ ከንጋት ጀምሮ መሪ ይዞ የዋለ፣ ምሳ ያልቀመሰ ሰው ነው። አሊዪ ክሩን ያዘ።

"ወንድሜ ክንፈ" አለ። ጠቅ። "የእኛን ሥጋ እንደማትበላ ስለማውቅ" ጠቅ፣ "ከዲጃም ማለዳ የሠራችው ምስር ስላለ" ጠቅ፣ "ተሳፋሪዎችህን ዳሱ ጥላ ሥር አውርደህ" ጠቅ፣ "ምሳህን ከእኔ ጋር ትበላለህ።"

አራቴ መታ። ደምመላሽ በሹክሹክታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደግሞ አየው። አንድም የላላ አላገኘም። ከዲጃ ከዳር ሆና፣ "ምስሩ ለስንት ሰው ይበቃል መሰለህ" አለች፤ ማንም ጎደሎ ነው አላላትም።

የተቀረው ረጅም አልነበረም። አሊዪ የከፈተውን መንገድ ዘጋ፤ ቀጥሎ ድርብ አወጣ፤ ድርቧ የክንፈን ቆርኪዎች እየዞረች ለቀመች። ክንፈ ባርኔጣውን አነሣ። "ያሸነፍከኝ በምላስህ ነው" ብሎ፣ ደምመላሽን በጎን እያየ፣ አራቴ መታ። ከዚያ ተሳፋሪዎቹን ሊያወርድ ወጣ።

ሀይሉ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ ሰሌዳውን በሁለት እጁ ያዘ። ዘይቱና ማማሰያዋን ይዛ በምድጃውና በሊቀመንበሩ መካከል ቆመች። አሊዪ የተናገረውን በልቡ እየፈተሸ ነው፤ የቱ ጋ ጎደለ?

ሀይሉ ሰሌዳውን አዞረው። ፊቱን የገለበጠው ረድፍ ወደ እሱ መጣ። ክንፈ በተነሣባት በርጩማ ላይ ተቀመጠና ቆርኪዎቹን አንድ ባንድ አስተካከለ።

"አንድ ጨዋታ" አለ።

"ጓድ ሊቀመንበር" አለ ደምመላሽ ጣቱን አንሥቶ።

ሀይሉ ቀላ። ቆርኪ አነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ" አለ። ጠቅ። "የዚህ ቀበሌ ሊቀመንበር የሆንኩት" ጠቅ፣ "ሽንኩርት ስነግድ ጀምሮ ዳማ እወድ የነበርኩት" ጠቅ...

እዚያ ላይ ቆመ። ጣራውን አየ፣ ሻዩን አየ። አሊዪ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠበቀው።