ጉንፋን ያለበት አይገባም

ልጄ ሶልያና በአሥራ ሁለት ዓመቷ አንዱን ኩላሊቴን ወሰደች። አዲስ አበባ ንቅለ ተከላው ተሳክቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ልንመለስ ስንል ሐኪሟ እንዲህ አለኝ፦ «ሰውነቷ ኩላሊቱን ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጥለው የምትወስደው መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅሟን ያደክመዋል። ለእርስዎ ተራ ጉንፋን የሆነው እሷን ኩላሊቷን ሊያሳጣት ይችላል። ሦስት ወር ጠያቂ አይግባ።»

ሐኪሙ የኛን አገር ሰው አያውቀውም። እዚህ የታመመን የማይጠይቅ የለም፤ ጠያቂን ከደጅ መመለስማ ተሰምቶም አይታወቅ። እኔ ግን መለስኩ። የግቢው በር ላይ «ጉንፋን ያለበት አይገባም» ብዬ ለጠፍኩ፤ የሌለበትም ሲመጣ መለስኩት።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ፍሥሐ ተቆጡ። «ነገ ለቅሶ ሲደርስብሽ ማን ይምጣልሽ?»

«ለቅሶ እንዳይደርስብኝ እኮ ነው የዘጋሁት» አልኳቸው።

ባሌ ቢምረው ልቡ ስስ ነው፤ ሰው ሲመለስ ባየ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስታው ነው። እሱ ራሱ ከቢሮ ሲመጣ ልብሱን ውጭ ቀይሮ፣ ታጥቦ፣ አፉን ሸፍኖ ነው የሚገባው። «ሰፈሩ አማን እኮ» ሲለኝ፣ «ሐሜት ኩላሊት አይጎዳም» እለዋለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት አባቴ መጡ። መሪጌታ አንሙት መርጡለ ማርያም ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ተማሪን በድምፃቸው ብቻ የሚያንቀጠቅጡ ሰው ናቸው። ጉባኤያቸውን ለትልቁ ተማሪ አደራ ብለው፣ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተንገላተው ነው የደረሱት። በሩን ከፍቼ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ሳሉ።

«አባ፣ አይገቡም።»

«ምን አልሽ?»

«ጉንፋን ይዞዎታል። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ቤት መኝታ አለ፤ እስኪሻልዎ እዚያ ይረፉ።»

«አባትሽን ከደጅ ትመልሻለሽ?»

«ለሶልያና ስል እመልሳለሁ።»

እርግማን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። መቋሚያቸውን አንስተው ወደ ጎረቤት ሄዱ። አለቀስኩ፣ አልክድም። በሩን ግን አልከፈትኩም።

በሳምንቱ ድነው ተመለሱ። «እኔን ከመለስሽማ ሌላው ማን ሆኖ ነው የሚገባው?» አሉና በርጩማ አስመጥተው በሩ ሥር ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ እኔ አረፍኩ። የመጣውን ሁሉ እሳቸው መርቀው ይመልሱታል፤ ሰዉም ከእኔ ቁጣ ይልቅ ምርቃታቸውን ይዞ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሶልያና በመስኮት ከአያቷ ጋር ስታወጋ ትውላለች። ጉንጯ ሞላ። ምግብ ማማረጥ ስትጀምር መዳኗን አመንኩ።

ሦስቱ ወር ሊሞላ አምስት ቀን ሲቀረው ገበያ ሄጄ ዝናብ መታኝ። በነጋታው ሽንኩርትና ካሮት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ደጃፉ ላይ አስነጠሰኝ። ደገመኝ።

አባቴ ከበርጩማቸው ሳይነሱ መቋሚያቸውን በሩ ላይ አጋደሙት።

«አትገቢም።»

«አባ! የገዛ ቤቴ እኮ ነው!»

«ይሁን።»

«መድኃኒቷንስ ማን ይሰጣታል?»

«ባልሽ። ሰዓቱንም ከሁለታችሁ ይልቅ እሷው ታውቀዋለች።»

«እናቷ ነኝ! የገዛ ኩላሊቴን አውጥቼ...»

«ኩላሊትሽ ገብቷል» አሉኝ። «አንቺ ቆዪ።»

ሶልያና በመስኮቱ ሆና ሳቋ አመለጣት። ከታመመች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ንዴቴ ባንዴ በረደ፤ ዘንቢሌን አስቀምጬ ወደ እማሆይ ቤት መንገድ ጀመርኩ። ከኛ በር እስከሳቸው በር ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። መንገዱን አጋምሼ ቆምኩና ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፤ አባቴ ያን ቀን ይህችን መንገድ እንዴት እንደሄዷት ያኔ ገባኝ።