ለሲሪል ባርኔጣዬን አላነሳም

ለንደን ውስጥ የእኔ ሥራ ረጅሙን ጥቁር ባርኔጣ ደፍቶ ከአስከሬን መኪና ፊት ፊት በእግር መሄድ ነው። ከመነሳታችን በፊት ባርኔጣዬን አንስቼ ለሟቹ እጅ እነሳለሁ። ለሌባውም ለደጉም አድርጌዋለሁ። ለጎረቤቴ ለሲሪል ግን በምን ዕዳዬ!

ያ ምላሰኛ ባርኔጣዬን ባየ ቁጥር፣ «በርናርድ፣ ጭስ ማውጫህን ጠረግከው?» እያለ ሰፈሩን ሲያስቅብኝ ነው የኖረው።

«ቆይ፣ የሞትክ ቀን ባርኔጣዬን አላነሳልህም» አልኩት አንዴ።

«ታነሳታለህ!» አለኝ እየሳቀ።

ባለፈው ሳምንት ሞቶ እጄ ገባ። ደጃፉ ላይ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ፣ እጅ ሳልነሳ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው መንገድ ጀመርኩ። መታጠፊያው ላይ ንፋስ ባርኔጣዬን መንጭቆ ከመኪናው ፊት ጣለው። ሾፌሩ ፍሬን እስኪይዝ ሲሪል ከነሳጥኑ ወጣበት፤ ቂጣ አደረገው። መሬት ላይ ተንበርክኬ ከጎማው ሥር ስጎትት፣ ሚስቱ ሞሪን ከኋላ መኪና አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«አንተ በርናርድ!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ባርኔጣ ማንሳት ከብዶህ፣ ይኸው ተንበርክከህለት አረፍከው!»