የፀሐዩ ፀ

«ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለሽ» አለ አሠልጣኙ። «ከዚያ ቃሉን ሰሌዳው ላይ ትጽፊዋለሽ። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች በሩ አይከፈትም።»

የክሊኒኩ ሠራተኞች በመጠበቂያ ክፍሉ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደርድረው ይሥቃሉ። ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠና አለ ሲባሉ ሁሉም ሊያንቀላፉ ነበር የመጡት፤ አሠልጣኙ ልጅ ግን ጨዋታ ይዞ መጣ። አንዱ ዘበኛ ይሆንና የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጽፎ ያጥፋል፤ ሌላው ሌባ ሆኖ በጣፋጭ ወሬ ያወጣጣዋል። አሁን ዘበኛዋ ተራ አስከባሪዋ ናት። ሌባዋ ደግሞ የልብ ጓደኛዋ ናት፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ፊደል» የሚላት።

ፊደል የተባለችው ያለ ነገር አይደለም። ሰው የጻፈውን ሳታርም አታልፍም። ሽንት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እንኳ በቀይ እስክሪብቶ አርማዋለች። «ንጉሡ ሠ እያለ እሳቱን ሰ እዚህ ምን አመጣው?» ስትል ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ይሸማቀቃሉ።

ተራ አስከባሪዋ ድሮ ሥራዋ ካርድ ክፍል ነበር። አንድ ቀን የአንዲት አስተማሪ የእርግዝና ምርመራ ውጤት፣ ሴትዮዋ ለገዛ እናቷ ሳትናገር፣ ሰፈር ውስጥ ተወራ። ሲጣራ ፋይሉ የተከፈተው በእሷ የይለፍ ቃል ሆኖ ተገኘ። አልከፈትኩም ብላ ማለች፤ የሰማት የለም። አስተማሪዋ መጥታ፣ ዐይን ዐይኗን እያየች፣ «አንቺም ሴት ነሽ?» ያለቻት እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ቆማ የበሽተኛ ቁጥር ትጠራለች። ካርድ ክፍል ፊደል ተተካች። «ወንበርሽን እየጠበቅኩልሽ ነው እህቴ፣ ስምሽ ሲጸዳ ትመለሻለሽ» ብላት አብራት አልቅሳለች።

አሠልጣኙ አሁን የምትጠቀሙበትን ቃል እንዳትጽፉ ብሏቸው ስለነበር፣ ተራ አስከባሪዋ ያን ጊዜ የተዘጋባትን የድሮውን ጻፈች። ከእንግዲህ ምንም የማይከፍት ቃል ማንን ይጎዳል ብላ ነው።

«አባትሽ ምን ብለው ነበር የሚጠሩሽ?» አለች ፊደል።

«ታውቂው የለ እንዴ። ፀሐይ።»

ፊደል የቀሩትን ጥያቄዎች አልፈለገቻቸውም። ቀድማ ሁለት ሰው አሸንፋለች፤ ይህችን ከደገመች የሽልማቱ ኩባያ የእሷ ነው፤ መሸነፍ ደግሞ ከነፍሷ ትጠላለች። ብድግ አለችና በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ሰሌዳው ላይ «ጸኃይ» ብላ ጻፈች።

አንዷ ነርስ ከት ብላ ሣቀች። «ኧረ ፊደል፣ ዛሬስ ጉድሽ ፈላ። ፀሐይ በጸሎቱ ጸ ሆነ? ፊደሉ ራሱ እኮ ፀሐዩ ፀ ነው የሚባለው። በዚያ ላይ የብዙኃኑ ኃ!»

አሠልጣኙ ወረቀቱን ዘረጋው። «አልተሳሳተችም» አለ እየተገረመ። «ፊደል በፊደል ያው ነው። በሩ ተከፍቷል።»

ሁሉም አጨበጨቡ። ተራ አስከባሪዋ ግን እጇ ጭኗ ላይ ቀረ። አባቷ አናጢ ነበሩ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ፣ ከዚህም ከዚያም የለቃቀሟትን ፊደል ይዘው፣ ለልጃቸው በሠሩላት በርጩማ ሥር ስሟን እንዲህ አድርገው ቀረጹላት። በርጩማው ተሰብሮ ከተጣለ ቆየ። ቃሉን የመረጠችውም ለዚሁ ነበር፤ አጻጻፉን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለፊደልማ ጭራሽ አልነገረቻትም፣ አባቷን እንዳታርምባት ፈርታ።

ያን ቃል የጻፈችው ካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ፊደል አጠገቧ ተቀምጣ እያጫወተቻት፣ የእሷ ጣቶች ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ሲሄዱ።

ከስድቡም ከውርደቱም ይልቅ ያ አብሮ ማልቀስ አንገበገባት። በዚያች ሰሞን እንባዋን የጠረገላት ይኸው አሁን ማርከር የያዘው እጅ ነበር።

«እንዴት አወቅሽው?» አለች።

«ገመትኩ» አለች ፊደል እየሣቀች። ዞር ብላ ሰሌዳውን አየችና ሣቋን አቆመች። የጻፈችውን ገና ያን ጊዜ ያየችው ይመስላል።

«አንቺ? አንቺ ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ትገምቻለሽ?»

ፊደል ጠጋ ብላ ክንዷን ያዘቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በእናትሽ፣ ቤት ሄደን እናውራ። አንድ ጊዜ ነው የከፈትኩት። ሴትዮዋ ጎረቤቴ ናት፣ ምን ሆና ነው ብዬ ነው። እዚህ ይደርሳል ብዬ መች አሰብኩ።»

«ሲደርስስ? ወንበሩ ላይ ስትቀመጪስ?»

ፊደል ክንዷን ለቃ የማርከሩን ክዳን ትከድን ጀመር።

አሠልጣኙ ምንም አልገባውም። ቀጣዮቹ ተጫዋቾች እንዲነሡ ነግሮ ሰሌዳውን ሊያጠፋ ዳስተሩን አነሣ። ተራ አስከባሪዋ ተነሥታ ሄደችና ዳስተሩን ከእጁ ወስዳ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ይህ አይጠፋም» አለችው።

ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ዞራ፣ በየቀኑ የበሽተኛ ቁጥር በምትጠራበት ድምፅ፣ የክሊኒኩን ሥራ አስኪያጅ ጠራች።