ሦስት ቀን ቀድሞ ማሳወቅ

ኤፕሪል 16 ቀን 2024፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ቢሮ ሳለሁ ወንድሜ ኔቪል ደወለልኝ። ሰዓቱን የማውቀው ስልኬ ላይ ስለተመዘገበ ነው፤ እስካሁን አላጠፋሁትም። ኔቪል በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም ነበር። ስሙን ሳይ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«አትደንግጪ፣ አልሞትኩም» አለኝ ገና ሃሎ ሳልል።

«ምን ሆነህ ነው ታዲያ?»

«ከሆስፒታል ደወሉ። አንዱ ሰውዬ ቀጠሮውን ሰርዟል። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሱ ቦታ ና ብለውኛል።»

ያን ቀጠሮ ከገና በፊት ጀምሮ ስንጠብቀው ነበር። ቀጭን ቱቦ በእጁ በኩል አስገብተው የልቡን ደም ሥሮች ሊያዩለት፣ የጠበበ ካለም ሊከፍቱለት ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ግድግዳውን እንደሚያይ ሰው ያስመስል ነበር። ትንፋሽ እየሰበሰበ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ማወቄን ያውቃል።

«አንድ ነገር ብቻ አለች» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማደንዘዣ ነገር ስለሚሰጡኝ ብቻዬን አይለቁኝም። የሚወስደኝ፣ የሚመልሰኝ፣ አብሮኝም የሚያድር ሰው ከሌለ አትምጣ ነው ያሉኝ። ይመችሻል?»

ይመቸኛል ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ሐሙስ?» አልኩ።

«ሐሙስ» አለ።

«ልየውና እደውልልሃለሁ።»

እንግሊዝ አገር፣ ግሪምስቢ ከተማ ውስጥ ባለ የዓሣ ፋብሪካ ነው የምሠራው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነጭ ጋዋንና የፀጉር መሸፈኛ አድርጌ ማሸጊያው መስመር ላይ ቆሜያለሁ፤ ከዚያ ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮ አወጡኝ። ለሦስት መቶ ሠራተኛ ሁለት ነን፣ አለቃዬ ፊሊፓና እኔ። ፊሊፓ ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። እኔን ያስተማረኝ ኔቪል ነው ብል ይሻላል። የሠራተኛ ሕግ መምሪያውን አትሜ ቤቱ እወስድና፣ እሱ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ይጠይቀኛል፤ እኔ ሳህን እያጠብኩ እመልሳለሁ። ስሳሳት ጠረጴዛውን በማንኪያ ይመታል። ዕድሜ ልኩን ወደብ ላይ ዕቃ ሲያወርድ የኖረ ሰው ስለ ወሊድ ፈቃድ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅበት ጊዜ ነበር።

አዲሱንም ሕግ አብረን ነው ያጠናነው። ከዚያ ማክሰኞ አሥር ቀን በፊት፣ ኤፕሪል 6፣ የአስታማሚ ፈቃድ የሚባል መብት ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ማንም ሠራተኛ የሚያስታምመው ወይም የሚጦረው ሰው ካለው፣ ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ በዓመት አንድ ሳምንት ያለ ደመወዝ መውጣት ይችላል። አሠሪው ማስረጃ አምጣ አይልም። ሥራ የሚበድል ከሆነ ቀኑን ያዛውራል እንጂ ጨርሶ አይከለክልም። ሠራተኛውም በበኩሉ ቀድሞ ማሳወቅ አለበት፤ ለአንድ ቀን ፈቃድ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ።

የፋብሪካችንን መመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ሦስት ቀን» የሚለውን አደመቅኩት። አሠሪው ከፈለገ ይህን ሊተወው እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል፤ እሱን ከሥር በትንንሽ ፊደል ጻፍኩት። አልፌም ሄጄ የኮምፒውተሩን ሰው ለመንኩትና፣ ሦስት ቀን ያልሞላው ጥያቄ ሲገባ ፎርሙ ላይ ቀይ መስመር እንዲወጣ አስደረግኩ። ሕጉ አዲስ ስለሆነ ከመጀመሪያው መልክ ይያዝ ብዬ ነው።

መስመሩ በወጣ በአራተኛው ቀን ዱጊ ቢሮአችን ገባ። ዱጊ የማቀዝቀዣው መጋዘን ፈረቃ ኃላፊ ነው፤ ትልቅ ሰውነት፣ ቀይ ጆሮ፣ ሁልጊዜ በር ላይ ተደግፎ የሚያወራ።

«እመቤቴ፣ ዌስሊ እናቱን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሊወስድ ከነገ ወዲያ ልውጣ ይላል። ቀይ አሳየብኝ። ልልቀቀው?»

«ከፈለግክ ልትተወው ትችላለህ» አልኩት።

«ልተወው የምችለውን ለምን ሦስት ብለሽ ጻፍሽው ታዲያ? ለዌስሊ ከተውኩ ነገ ሃያ ሰው ይሰለፍብኛል።»

እውነቱን ነው አልኩ በሆዴ። «እንግዲያው ለሁሉም እኩል ይሁን» አልኩት። ዌስሊ የእናቱን ቀጠሮ ወደሚቀጥለው ሳምንት አዛወረ። ዱጊ ሲወጣ ዞር ብሎ፣ «ለሁሉም እኩል» አለ እየሳቀ። «እናንተ ፎቅ ላይ ያላችሁት ተራችሁ ሲደርስ እናያለን።»

ማክሰኞ ዕለት ስልኩን ዘግቼ በጣቴ ቆጠርኩ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። በዚያች ደቂቃ ብልክ እንኳ ሁለት ቀን ነው። የዓመት ፈቃድ ደግሞ እኛ ጋ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው የሚጠየቀው። ለቤተሰብ ድንገተኛ ችግር የሚሰጥ ፈቃድ አለ፤ እሱ ቀን አይቆጥርም። ግን ድንገተኛ ማለት መውደቅ፣ መታመም፣ በሽተኛውን የሚጠብቀው ሰው በድንገት መቅረት ነው፤ ይሄ ቀጠሮ ነው፣ አልኩ። አንድ ሠራተኛ ይህንኑ ይዞ ቢመጣ አንዱን በር እንደምከፍትለት አውቃለሁ። ለራሴ ግን ሁሉንም ዘጋጋሁ።

ሌላው ደግሞ፣ ሐሙስ ሥልጠና ነበረኝ። ሃያ ሁለት የፈረቃ ኃላፊዎች ካንቲን ውስጥ ተሰብስበው ስለ አስታማሚ ፈቃድ እኔ ላስረዳቸው ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄው ነው።

ፎርሙን ከፍቼ ሞላሁት። ስም፣ ግሌንዳ። የታመመው ሰው፣ ወንድም። ቀን፣ ኤፕሪል 18። ቀዩ መስመር ወጣ። ፊሊፓ አንድ ጊዜ ብትጫነው ያልፋል። ቀና ስል እሷው ኮቷን ለብሳ ልትወጣ ስትል አየኋት።

«ሐሙስ ዝግጁ ነሽ አይደል?» አለችኝ። «ዋናው ሥራ አስኪያጅም ይመጣል። አደራ፣ አንቺን ነው የምተማመነው።»

«ዝግጁ ነኝ» አልኳት። ፎርሙን ሳልልከው አስቀመጥኩት።

ማምሻውን ኔቪል ቤት ሄድኩ። ዓሣና ድንች ጥብስ ገዝቶ ሁለት ሳህን ላይ አቅርቦ ጠበቀኝ፤ እሱ ድንቹን አልነካም።

«እሺ፣ ዳኛዋ» አለኝ፣ «ተፈቀደልሽ?»

«ገና አልጠየቅኩም። ነገ እጠይቃለሁ።»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይገባል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ይገባል። ግን ሦስት ቀን ቀድሞ…»

«ማነው የሚቆጥረው?»

«እኔ።»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም አላቆም አለ፤ ጠረጴዛውን በእጁ ይዞ እስኪያልፍለት ጠበቀ። ውሃ ልሰጠው ስነሣ በእጁ ተቀመጪ አለኝ። ሲሻለው ደግሞ፣ «ሃያ ሁለት አለቃ ፊት ነው የምትቆሚው?» አለ። «እናታችን ብታይ ባርኔጣዋን አድርጋ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር።»

ያን ሌሊት ደህና አልተኛሁም። ልንገራት፣ አልንገራት ስል ነጋ። ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ስገባ ፊሊፓ ስልክ ላይ ነበረች። በመስታወቱ በኩል እያየኋት እስክትጨርስ ጠበቅኩ። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ተነሥቼ በሯ አጠገብ ስደርስ የእኔ ስልክ ጠራ።

«ተገላገልሽ» አለ ኔቪል። «የሚስዝ ስኬልተን ልጅ ይወስደኛል። መኪናውም ከአንቺዋ ይሻላል።»

«ማታስ? አብሮህ የሚያድረው?»

«እሱው ያድራል። ሶፋው ላይ። በቃ፣ ሂጂና አለቆቹን አስተምሪ።»

ስልኩን ስዘጋ ደስ አለኝ። ይህን የምጽፈው ስለዚያች ደስታ ነው ብል አልዋሸሁም። ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ወረደ፣ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ፣ ያስቀመጥኩትን ፎርም ሰረዝኩት።

የኔቪል ጎረቤት የሚስዝ ስኬልተን ልጅ ባሕር ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ይጠግናል። ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ፣ ሁለት ሳምንት ቤቱ። የሰው ፈረቃ ስቆጥር የምውል ሴት ነኝ፤ ይሄ ሳምንት የትኛው ነው ብዬ አልቆጠርኩም።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ካንቲኑ ሞልቶ ነበር። ሻይ ተቀድቶ፣ ብስኩት ተደርድሮ። ስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ወረቀቴ ሥር አደረግኩት። አሁን ገባ፣ አሁን ልብሱን አወለቀ እያልኩ አስረዳሁ። ማስረጃ አትጠይቁ አልኩ። ምን ሆነ ብላችሁ በሰው ጓዳ አትግቡ አልኩ። ዱጊ ከኋላ እጁን አወጣ።

«ሚስትና እናትስ ይሁን፤ ወንድም ይቆጠራል?»

«በአንተ የሚደገፍ ከሆነ ይቆጠራል። አብሮህ ባይኖርም።»

«ሐሙስ ጠዋት ድንገት ተነሥቶ ወንድሜ ቢለኝስ?»

«ሦስት ቀን» አልኩ። ሳቁ። ዱጊ፣ «አይ የኛ እመቤት፣ ለእናቷም አትመለስ» አለ፣ በደግነት ነው ያለው።

በዕረፍት ለኔቪል መልእክት ላክሁ። መልስ የለም። ውስጥ ይሆናል አልኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ላክሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ተኝቶ ይሆናል አልኩ። አንድ ነገር ሆኖ ቢሆን ይደውሉልኝ ነበር አልኩ፤ ከዚያ ለማን ነው የሚደውሉት፣ ከሱ ጋር የሄድኩት እኔ አይደለሁም አልኩ። ዋናው ሥራ አስኪያጅ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። ምን እንዳለኝ አላስታውስም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ደረስኩ። ኔቪል የጓሮውን በር አረንጓዴ ቀለም እየቀባ ነበር።

እጁን ያዝኩና እጅጌውን ገለበጥኩ። ፋሻ የለም፣ የመርፌ ምልክትም የለም።

«ትናንት ጠዋት ደውዬ ለሌላ ሰው ስጡት አልኳቸው» አለ ብሩሹን ሳያስቀምጥ። «ልጁ ባሕር ላይ ነው። እስከ ሰኞ አይመጣም።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ልትጠይቂ አልፈለግሽም። ፊትሽ ላይ አየሁት። ላስጨንቅሽ ደግሞ እኔ አልፈለግኩም።»

«ስልክስ? ለምን አታነሣም?»

«ባነሣ ትመጪያለሽ፤ ሥልጠናሽን ትተሽ።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ሌላ ቀን ሰጥተውኛል፣ ሜይ 30። ስድስት ሳምንት አለሽ። አሁን እንኳ ቀድመሽ አላሳወቅሽም የሚልሽ የለም።»

እዚያው ጓሮ ቆሜ በስልኬ ፎርሙን ሞላሁ። ቀይ መስመር አልወጣም። ፊሊፓ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፈቀደችው። ማግስቱን ቢሮ ስገባ፣ «ወንድምሽ ታሞ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሁሉን ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ግሌንዳ፣ ማክሰኞ ብትነግሪኝ እኮ ሂጂ ነበር የምልሽ። ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?»

ይህንን ቀድሞም አውቅ ነበር።

ኔቪል ሜይ 11 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሞተ። መጋረጃው እስከ አራት ሰዓት አለመከፈቱን አይታ ሚስዝ ስኬልተን ናት የደወለችልኝ። በዚያን ሐሙስ ቢታይ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት። «ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም» አለኝ። የሚያውቀውን ነው የነገረኝ፤ እኔም ከዚያ የበለጠ አላውቅም።

ቀብሩ ላይ ዱጊ ጥቁር ክራባት አድርጎ መጣ። አጠገቤ ትንሽ ቆመና፣ «ያ ጥያቄዬ…» ብሎ አቆመ።

«አላወቅክም» አልኩት።

ሜይ 30 ጠዋት ሥራ ላይ ሳለሁ ኮምፒውተሩ፣ የአስታማሚ ፈቃድዎ ዛሬ ይጀምራል የሚል መልእክት ላከልኝ። በዚያው ሳምንት የኮምፒውተሩን ሰው ጠርቼ ቀዩን መስመር አስጠፋሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አዲስ ሕግ መጥቷል፤ እያንዳንዱን አጥንቼ ካንቲን ውስጥ አስረድቻለሁ። ጠረጴዛ የሚመታልኝ የለም።

በዚያ ዓመት ከፋብሪካችን አሥራ አንድ ሠራተኞች የአስታማሚ ፈቃድ ወጡ። ከቢሮአችን የወጣ የለም።